እድርም እቁብም እያለን የጤና መድህን ለምን እንከፍላለን ላልሽው እህቴ

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። እህታችን ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ተከራይታ ነው የምትኖረው። ባለቤቷ የፌሮ ሰራተኛ ነው፣ ስራ ባለበት ሳይት እየዞረ በቀን ሂሳብ ይሰራል፣ እሷ ደግሞ እንጀራ ጋግራ ለሱቆች ታስረክባለች። 3 ልጆች አሏቸው፣ አማቷ ስኳርና ደም ግፊት አለባቸው፣ አብረዋቸው ነው ያሉት፣ ታናሽ እህቷም እዛው ቤት ሆና ቃሊቲ አንድ ፋብሪካ በፔሮል ትሰራለች። «የወረዳ ሰዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ጤና መድህን ግቡ ይሉናል፣ ጎረቤቴ ግን ከፍላ መድኃኒት የለም ተብላ ከውጪ ነው የገዛችው። እኛ እድር አለን፣ እቁብም እጥላለሁ፣ ልጆቼም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ናቸው። እህቴ ደግሞ ከደሞዛችሁ ሊቆረጥ ነው ሲሏት ተናዳለች። እውነት ለኛ አይነት ቤተሰብ የሚጠቅም ነገር አለው ወይስ ሌላ መዋጮ ነው?» ትላለች።

እህቴ፣ እኔ በጤና ፋይናንስ ስራ ላይ 14 ዓመት ሆኖኛል። መጀመሪያ እዚሁ አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ አንድ ጤና ጣቢያ ፋይናንስ ክፍል ነበርኩ፣ አሁን ጤና ተቋማት ለመድህን የሚያቀርቡትን የክፍያ ጥያቄ ኦዲት ነው የማደርገው፣ ስለዚህ የጎረቤትሽን ብሶት ከመስኮቱ በሁለቱም በኩል አውቀዋለሁ ማለት እችላለሁ። መልሴን ከአሁኑ ልንገርሽ፣ ግቡ ነው የምልሽ፣ በተለይ በአማትሽ ምክንያት ዛሬ ነገ ሳትዪ ግቡ። ግን ቤት ለቤት የሚዞሩት ልጆች ሲቸኩሉ የማይነግሯችሁ ነገር ብዙ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ነው የምጽፍልሽ፣ ቡናሽን አፍልተሽ አንብቢው።

በመጀመሪያ አንድ ሰው ልንገርሽ። ሲሚንቶ መጋዘን ጥበቃ ነበሩ፣ ወደ ስልሳ የሚጠጋቸው። አንድ ቀን ጠዋት፣ ወር በገባ በሁለተኛው ወይ በሶስተኛው ቀን ይመስለኛል፣ ካርድ ክፍል መስኮቱ ጋ ቆመው አየኋቸው፣ የግራ ጫማቸውን ተረከዙን ረግጠው እንደ ነጠላ ጫማ ነው ያደረጉት፣ ካልሲያቸው ላይ ደግሞ ውሃ እንዳይገባበት ፌስታል ጠቅልለው በሲባጎ አስረውበታል። ነርሷ ሲባጎውን ቆርጣ ፌስታሉን ፈታችና ካልሲውን ልታወልቅ ስትስበው ከቁስሉ ጋር ተጣብቆ እምቢ አለ፣ በውሃ እያረጠበች ቀስ እያለች ነው ያላቀቀችው። ትንሿ ጣታቸው ጠቁራለች፣ ሽታው ደግሞ እኔ የተቀመጥኩበት ድረስ ይመጣል። መቼ ነው የጀመረዎት አባባ ስትላቸው «ጫማው ከላጠኝ ሶስት ሳምንት ይሆናል» አሉ። ታዲያ ያኔ ለምን አልመጡም? «ደሞዝ እስኪወጣ ነዋ።» እንዲሁ ነው ያሉት፣ ሌላ ምን ይጠበቃል በሚል አይነት። ስኳር እንዳለባቸው እንኳን የታወቀው የዛን ቀን ነው። ሪፈር ተጽፎላቸው ሆስፒታል ሄዱ፣ በኋላ ልጃቸው ለካርድ ጉዳይ ስትመጣ ስጠይቃት ግማሽ እግራቸው ተቆርጧል አለችኝ፣ የጥበቃ ስራውም በዛው ቀረ፣ ልጅቷም ትምህርቷን አቁማ እሳቸውን እያስታመመች ነበር።

እነዛን ሶስት ሳምንታት አስቢያቸው። የጫማ ልጣጭ በነበረ ጊዜ ቢመጡ ኖሮ የሚያስፈልጋቸው ካርድ፣ የደም ስኳር ምርመራ፣ የቁስል እጥበትና የአንድ ሳምንት ኪኒን ነበር። ያን ያህል ብር በወሩ መጨረሻ እጃቸው ላይ አልነበረም፣ በወሩ መጀመሪያ ቢሆን ይኖራቸው ነበር። እኔ እስካሁን ባየሁት መድህን ለድሃ ቤተሰብ የሚያደርገው ትልቁ ነገር ይሄው ነው፣ ገንዘቡን ደህና በሆንሽ ሰሞን ከፍለሽ ትጨርሻለሽ፣ ያመመሽ ቀን ኪስሽን ሳትዳብሺ በጠዋቱ ትሄጃለሽ። ሰው ስለመድህን ሲያወራ ስንት ብር ተረፈልኝ ብሎ ነው የሚያሰላው፣ እሱም አለ፣ ግን በመጀመሪያው ቀን መሄድና በሃያኛው ቀን መሄድ መሃል ያለው ልዩነት በብር የሚለካ አይደለም፣ እኔ በአይኔ አይቼዋለሁ።

እድር አለን ላልሽው፣ እድር ትልቅ ነገር ነው፣ እኔም አባል ነኝ፣ ግን ራስሽ እንደምታውቂው እድር የሚደርሰው ሰው ከሞተ በኋላ ነው፣ ድንኳኑም ወንበሩም ብሩም። አንዳንድ እድሮች ለታመመ የሚያዋጡ አሉ፣ ጥሩ ነው፣ ግን ዳኛው ጋ ሄዶ፣ አስረድቶ፣ ስብሰባ ተጠብቆ ነው። እቁብ ደግሞ እጣሽ እስኪወጣ ነው፣ ልጅሽ በሌሊት ትኩሳት ሲይዘው እጣ የደረሳት ጎረቤትሽ ጋ ሄደሽ ለውጪኝ ነው የምትያት፣ እሷም የራሷ ጉዳይ አላት። የመድህኑ አሰራር ግን ከእድር ብዙም የራቀ እንዳልሆነ እወቂው። እድር ውስጥ ሰው አልጋ ላይ ከዋለ በኋላ ዛሬ መዝግቡኝ ቢል ዳኛው እሺ ይላል? አይልም፣ እንደዛ ከሆነ ሳጥኑ ባዶ ይቀራል። መድህኑም የምዝገባና የእድሳት ወቅት አለው፣ ሰው ሲያመው ብቻ እየመጣ እንዳይገባ ነው። ስለዚህ ልጆቼ ደህና ናቸው ማለትሽ ለመግባት ጥሩ ምክንያት ነው እንጂ ለመቅረት አይደለም፣ ዘንድሮ ደህና የሆነው ያንቺ ቤት ላመመው ቤት ከፈለ፣ ከርሞ ደግሞ እሱ ላንቺ ይከፍላል።

አሁን ትንሽ ወደኋላ ልውሰድሽ፣ ይሄን ካላወቅሽ የጎረቤትሽ መድኃኒት የት እንደገባ አይገባሽም። የጤና ፋይናንስ ሪፎርም የሚባለው የተጀመረው በ1990 ዓ.ም. ነው። ከዛ በፊት ጤና ጣቢያ ከካርድና ከመድኃኒት የሚሰበስበው ብር በሙሉ ወደ መንግስት ካዝና ነበር የሚገባው፣ ራሱ ጤና ጣቢያው መልሶ አያገኘውም፣ ጓንት ቢያልቅበት እንኳን በጀት ጠብቆ ነው። ሪፎርሙ የሰበሰባችሁትን እዛው ያዙና መድኃኒትና እቃ ግዙበት አለ፣ የህብረተሰብ ተወካይ ያለበት ቦርድም እንዲኖር አደረገ፣ እንዲሁም ማንም ሰው በነፃ የሚያገኛቸው አገልግሎቶች ተለይተው እንዲቀመጡ አደረገ። እነሱን ልንገርሽ ምክንያቱም ብዙ እናቶች ለነዚህ ብለው መድህን የሚገቡ ይመስላቸዋል፣ በመንግስት ጤና ጣቢያ የእርግዝና ክትትልና ወሊድ፣ የልጆች ክትባት፣ የቤተሰብ ምጣኔ፣ የቲቢ፣ የኤችአይቪና የወባ ህክምና መድህን ኖረሽም አልኖረሽም አትከፍዪባቸውም። መድህኑ የሚመጣው ለሌላው ነው፣ ለሳንባ ምች፣ ለታይፎይድ፣ ለትርፍ አንጀት፣ ለስኳር፣ ለደም ግፊት፣ ለራጅ፣ ለላብራቶሪ፣ ለአልጋ።

ከዛ በኋላ መድህኑ ራሱ መጣ፣ በሁለት መልክ። አንዱ ማህበረሰብ አቀፍ የሚባለው ነው፣ ለገበሬውና ከተማ ውስጥ እንደናንተ ቋሚ ደሞዝ ለሌለው፣ በ2003 ዓ.ም. በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ 13 ወረዳዎች ላይ ለሙከራ ተጀምሮ ነው ወደ ሌላው የተስፋፋው፣ ወደ አዲስ አበባም ቆየት ብሎ ነው የገባው። ሁለተኛው ማህበራዊ ጤና መድህን ነው፣ ለደሞዝተኛና ለጡረተኛ፣ የእህትሽ ጉዳይ እዚህ ውስጥ ነው የሚገባው፣ እመለስበታለሁ። ይሄ ሁሉ ለምን አስፈለገ ካልሽ የ2012 በጀት ዓመትን ያየው የብሔራዊ የጤና ሂሳብ ጥናት ሀገሪቱ ውስጥ ለጤና ከሚወጣው ብር ውስጥ 30 በመቶ ያህሉ ቀጥታ ከሰው ኪስ እንደሚወጣ ያሳያል፣ ማለት ታሞ መስኮት ላይ የሚከፈል። ያ ብር ከየት ይመጣል? ከበግ ሽያጭ፣ ከወርቅ ሽያጭ፣ ከአራጣ፣ ከልጅ ደብተር። የተረጋጋ ቤት የነበረው በአንድ ቀዶ ጥገና ምክንያት ቤት ኪራይ መክፈል ሲያቅተው አይተሽ ታውቂያለሽ ብዬ እገምታለሁ፣ እኛ ሰፈር ብዙ ነው።

እሺ፣ መድኃኒቱስ? ጎረቤትሽ የተናገረችው እውነት ነው፣ ማጋነን አይደለም፣ እኔም ልከራከርላቸው አልመጣሁም። አሰራሩ እንዲህ ነው፣ አባል ሲታከም መስኮት ላይ ምንም አይከፍልም፣ ጤና ጣቢያው በራሱ ብር ከገዛው መድኃኒት ሰጥቶ የታከመውን ሰው ሁሉ ሂሳብ ይመዘግብና በየጊዜው ጠቅልሎ ለመድህኑ ቢሮ ክፈሉኝ ብሎ ያቀርባል። እኛ ካርዱን ከማዘዣው ጋር እያመሳከርን ኦዲት እናደርጋለን፣ ከዛ ይከፈለዋል። አየሽ፣ ክፍያው በሁለት በሶስት ወር ከዘገየ ጤና ጣቢያው መድኃኒት ለመግዣ የሚያዞረው ብር የለውም፣ መደርደሪያው ይሳሳል፣ በብዛት የሚሳሳው ደግሞ ሰው በየወሩ የሚወስደው የስኳርና የግፊት መድኃኒት ነው። አንዳንዴ ደግሞ ጥፋቱ የጤና ጣቢያው ነው፣ ማዘዣ ላይ ፊርማ ይረሳሉ፣ የአባል ቁጥር ይሳሳታሉ፣ ሂሳቡ ተመላሽ ይሆናል፣ እኔ ራሴ ስንቱን ቁልል መልሻለሁ፣ እየመለስኩም በዚህ ምክንያት የአንዷ እናት ኢንሱሊን ይዘገይ ይሆን እያልኩ አዝናለሁ። አንዳንዴም እቃው ሀገር ውስጥ ራሱ ይጠፋል። ለአባሏ ግን ምክንያቱ የትኛውም ይሁን የትኛው የሚሰማት አንድ ነው፣ ከፍዬ የለም ተባልኩ ነው፣ እና ትክክል ናት፣ የተስፋ ቃል ነው የተሸጠላት። እኔ ይሄ ሪፎርም የሚቀረው ትልቁ ስራ እዚህ ጋ ነው ብዬ ነው የማምነው፣ አባል ከመመዝገብ በፊት መደርደሪያ መሙላት።

እስከዛው ግን አንቺ የምታደርጊው አለ። አዲስ አበባ ውስጥ ጤና ጣቢያው የጨረሰውን መድኃኒት አባላት ከከነማ ፋርማሲ፣ ማለት ከከተማ አስተዳደሩ ፋርማሲ፣ በመድህኑ እንዲወስዱ የሚያስችል ውል አለ፣ ብዙ ሰው ይሄን ሳያውቅ ቀጥታ ወደ ግል ፋርማሲ ይሮጣል። መድኃኒት የለም ስትባዪ መስኮቱ ላይ ዝም ብለሽ አትሂጂ፣ ማዘዣው ላይ የለም ብለው እንዲጽፉልሽና ማህተም እንዲያደርጉልሽ ጠይቂ፣ ያ ወረቀት ነው ከነማ የሚያስተናግድሽ። እዛም ከሌለና ከውጪ ከገዛሽ ደረሰኙን አትጣዪ፣ ማዘዣውን ከደረሰኙ ጋር ይዘሽ ለወረዳው የመድህን ባለሙያ በጽሁፍ ቅሬታ አስገቢ። ዋጋ የለውም ትዪ ይሆናል። እኔ ጋ በዓመት የሚመጣው የጽሁፍ ቅሬታ ግን በጣት የሚቆጠር ነው፣ በታክሲ ወረፋ ላይ የሚወራው ቅሬታ ሰማይ ይነካል፣ ለስብሰባ ይዤው የምገባው ግን የተጻፈውን ነው።

ከመክፈልሽ በፊት የምታጣሪው ሌላ ነገር አለ፣ ይሄ ደግሞ እኛ ዳር ላይ ያለን ሰዎች ችግር ነው። ቱሉ ዲምቱ የአዲስ አበባ ነው፣ ትንሽ ወረድ ስትዪ ገላን ነው፣ ኦሮሚያ፣ አሁን ሸገር ከተማ ውስጥ የገባው። አባልነቱ የሚሰጠው መታወቂያሽ ባለበት ወረዳ ነው፣ የምትታከሚው ደግሞ የዛ ወረዳ መድህን ውል ከፈጸመበት ጤና ጣቢያ ነው። ሰው መታወቂያው ድሮ የነበረበት ሰፈር ሆኖ እዚህ ይከራያል፣ ከዛ በሽታ ሲመጣ ለአንድ የጉሮሮ ኢንፌክሽን ሶስት ታክሲ ይዞ ከተማውን ያቋርጣል። ስለዚህ መታወቂያሽ ሌላ ቦታ ከሆነ በመጀመሪያ መሸኛ አምጥተሽ ወደዚህ አዙሪው፣ አሰልቺ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን ካላዞርሽ የከፈልሽው ብር ሩቅ ቦታ ነው የሚቀመጠው። ከዛ ውል ያለው ጤና ጣቢያ የትኛው እንደሆነ፣ ከሱ ቀጥሎስ ሪፈር የሚጽፉት ወዴት እንደሆነ ጠይቂ። እኛ አካባቢ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ቅርብ ስለሆነ ሰው ጤና ጣቢያውን ዘሎ ቀጥታ እዛ ይሄዳል፣ ድንገተኛ ካልሆነ በስተቀር ያለ ሪፈር ከሄድሽ መድህኑ አይከፍልልሽም፣ በዚህ ምክንያት ካርድ ክፍል ላይ የሚያለቅስ ሰው ብዙ ነው። የግል ክሊኒክም እንደዛው፣ ውሉ በዋናነት ከመንግስት ተቋም ጋር ነው።

የማይሸፍነውንም ልንገርሽ በኋላ እንዳታዝኚ። መነጽር፣ ሰው ሰራሽ ጥርስ፣ ለውበት ተብሎ የሚደረግ ቀዶ ጥገና፣ ውጪ ሀገር ህክምና፣ የኩላሊት ንቅለ ተከላና ቋሚ የኩላሊት እጥበት የሉበትም። የመጨረሻው ያንገበግበኛል፣ ምክንያቱም ኩላሊትን ከሚጎዱት በዋናነት ያልታከመ ስኳርና ያልታከመ ግፊት ናቸው፣ ማለት አማትሽ ያለባቸው ሁለቱ። እነሱን ከስር ከስሩ መከታተሉን መድህኑ ይሸፍናል፣ እዛ ከተደረሰ በኋላ ግን ቤተሰቡ ብቻውን ነው።

ስለ አማትሽ አንድ ነገር ልጨምር። በቤተሰብ መዋጮው የሚካተቱት ባልና ሚስት እንዲሁም ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። እሳቸው ተጨማሪ ጥገኛ ሆነው ነው የሚመዘገቡት፣ ለሳቸው ለብቻ የሚጨመር መዋጮ አለ፣ ስትመዘገቢ ስማቸውንና ፎቷቸውን አብረሽ ካላስገባሽ በኋላ መስኮት ላይ ስምዎት የለም ይባላሉ። ያን ተጨማሪ ብር እንዳትሰስቺበት፣ የሳቸው የወር ሜትፎርሚንና አምሎዲፒን፣ ማለት የስኳሩና የግፊቱ ኪኒን፣ ከግል ፋርማሲ ስንት እንደሚወጣበት አንቺ ታውቂዋለሽ፣ በ12 አባዢው። ደግሞ የእውነት መክፈል ያቃተው ጎረቤት ካለሽ፣ ሰፈሩ አይቶ መርጧቸው መንግስት የሚከፍልላቸው አባወራዎች አሉ፣ ምልመላው በየቀጠናው ነው የሚደረገው፣ እኔ እስከማየው ድረስ ዝም የሚሉ ሰዎች ናቸው የሚዘለሉት፣ አሮጊቶችና ተከራዮች። እንደዛ አይነት ሰው ካወቅሽ ስብሰባው ላይ ስማቸውን አንቺ ጥሪላቸው።

አሁን ወደ እህትሽ። ከደሞዝ ይቆረጣል የተባለው ከየትም የተፈጠረ ወሬ አይደለም፣ የማህበራዊ ጤና መድህን አዋጅ 690 የወጣው በ2002 ዓ.ም. ነው። ይጀመራል እየተባለ ብዙ ጊዜ ተራዝሟል፣ አንዱ ምክንያት እንደ እህትሽ የተናደደው ሰራተኛ ነው፣ ደሞዙ በኑሮ ውድነት አልቆ እያለ ሌላ ቁረጡ ሲሉት ቢናደድ አልፈርድበትም። ግን ስሌቱን አይታ ትናደድ። የተቀመጠው ሰራተኛው 3 በመቶ አሰሪው 3 በመቶ ነው። ደሞዟ 8,000 ብር ነው እንበል፣ ከሷ በወር 240 ብር ይቆረጣል፣ ፋብሪካውም 240 ብር ይጨምራል። አሁን ለጡረታ ከሷ 7 በመቶ፣ 560 ብር፣ ከአሰሪዋ 11 በመቶ እንደሚከፈል ታውቃለች፣ ያ ግን የሚደርሳት ስታረጅ ነው። የመድህኑ ብር በዚሁ ወር የሚሰራ ነው፣ 30,000 ብር የሚያገኘው ሃላፊዋ 900 ብር ይከፍላል፣ ሲታመሙ ግን ህክምናው እኩል ነው። በመቶኛ መሆኑን የምወድለት ለዚህ ነው፣ የማህበረሰብ አቀፉ መዋጮ ግን ለረጅም ጊዜ በብዙ ቦታ ለሁሉም ቤት አንድ አይነት ነበር፣ ባለ ፎቁና እንጀራ ጋጋሪዋ እኩል፣ እኔ እንደየአቅሙ መሆን አለበት ባይ ነኝ፣ በየስብሰባውም እላለሁ።

አንዳንድ ሰራተኛ ደግሞ ፋብሪካችን ክሊኒክ አለው ምን ያደርግልናል ይላል። ክሊኒኩ ራስ ምታትሽን ያክምልሻል፣ ጥሩ ነው፣ ግን ባልሽንና ልጅሽን አያክምም፣ ስራ የለቀቅሽ ቀን በሩ ላይ ያለው ዘበኛ አያስገባሽም። አሁን ባለው ሁኔታ በፔሮል ያለው ዝቅተኛ ደሞዝተኛ መሃል ላይ ነው የቀረው፣ ማህበረሰብ አቀፉ ለሱ አይደለም ይባላል፣ የሱ የተባለው አዋጅ ደግሞ ወረቀት ላይ ነው ያለው። ጉልበቱን ሸጦ የሚያድር ሰው ከሁለቱም ውጪ ሲሆን እኔን በጣም ነው የሚያሳስበኝ፣ እህትሽም የምትናደድ ከሆነ መናደድ ያለባት በመዘግየቱ ነው እላለሁ።

እስከዛው እህትሽ አሁን ያላትን መብት ትወቅ፣ ብዙ ሰራተኛ አያውቀውም። በአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሙከራ ጊዜዋን የጨረሰች ሰራተኛ ብትታመም በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የህመም ፈቃድ አላት፣ የመጀመሪያው 1 ወር ሙሉ ደሞዝ ይከፈላታል፣ ቀጣዩ 2 ወር ግማሽ፣ የቀረው 3 ወር ያለ ክፍያ ነው። ከስራ በቀረች ማግስት ለአሰሪዋ ማሳወቅና ከታወቀ ህክምና ተቋም የሀኪም ማስረጃ ማምጣት አለባት። አየሽ እዚህ ጋ ነው ከመድህን ጋር የሚገናኘው፣ ሀኪም ጋ ለመሄድ ብር የሌላት ልጅ ማስረጃ ከየት ታመጣለች? ቤቷ ተኝታ ሶስት ቀን ቀርታ ስትመለስ እንደ ያለፈቃድ ቀሪ ይቆጥሩባታል፣ ደሞዟ ይቆረጣል፣ ቀኑ ከበዛም ከስራ ያስወጧታል። እንደውም ሰራተኞቹ ታመው በሽፍት የሚቆሙት ለዚህ ነው፣ አንዷ እያሳለች መስመሩ ላይ ቆማ አስሩን ታስላቸዋለች።

ባለቤትሽን ደግሞ ሳልረሳው። ፌሮ ስራ ከባድ ነው፣ ከፍታ አለው፣ የሾለ ብረት አለው። የስራ ላይ ጉዳት በዋናነት የአሰሪው እዳ ነው፣ በዛው አዋጅ ህክምናውን አሰሪው ይሸፍናል፣ እስኪድን ድረስ የመጀመሪያ 3 ወር ሙሉ ደሞዝ፣ ቀጥሎ 3 ወር ቢያንስ 75 በመቶ፣ ከዛ 6 ወር ቢያንስ 50 በመቶ። ሳይት ላይ ግን ፎርማኑ ጥቂት ብር አሲዞ በባጃጅ ወደ ቤት ነው የሚልካቸው፣ በማግስቱ እዚህ ሰርቶ አያውቅም ይባላል። ስለዚህ ሳይት በገባ ቁጥር የኮንትራክተሩን ስም፣ የፎርማኑን ስልክ፣ የጀመረበትን ቀን አንቺ ጋ ቤት ይጻፍ፣ ቢጎዳ በዛው ቀን ያሳውቁ፣ አብረውት የነበሩ ሁለት ሰዎች ስም ይያዝ፣ ጤና ጣቢያ ሲደርስም ጉዳቱ ስራ ላይ እንደደረሰ ካርዱ ላይ እንዲጻፍ ያድርግ። መኪና ቢገጨው ደግሞ በ2005 ዓ.ም. በወጣው የሶስተኛ ወገን መድን አዋጅ 799 ማንኛውም ተጎጂ የድንገተኛ ህክምና እንዲያገኝ ተደንግጓል፣ አዋጁ ሲወጣ ጣሪያው 2000 ብር ነበር፣ በር ላይ ብር ካላስያዛችሁ እንዳይሉት ያደርጋል።

ልጆችሽን በተመለከተ ብዙ አልልሽም፣ አንድ ነገር ብቻ። ኦዲት ሳደርግ ካርድ ላይ የማየው ነገር አለ፣ መድህን የገቡ ቤቶች ልጆች በትኩሳት የሚመጡት በመጀመሪያው ወይ በሁለተኛው ቀን ነው፣ ያልገቡት ካርድ ላይ ነርሷ የምትጽፈው ከሳምንት በፊት የጀመረ፣ በቤት ውስጥ መድኃኒት የተሰጠው ይላል። ያ በቤት ውስጥ የተሰጠ መድኃኒት ምን እንደሆነ ታውቂዋለሽ፣ ካለፈው ልጅ የተረፈ አሞክሳሲሊን ነው።

አሁን የምታደርጊውን ልንገርሽ። ነገ ወይ ከነገ ወዲያ እንጀራውን አስረክበሽ ስትመለሺ የአማትሽን የመድኃኒት ማሸጊያ በሙሉ ይዘሽ ጤና ጣቢያው ፋርማሲ መስኮት ጋ ሂጂ፣ ገና ሳትከፍዪ፣ እነዚህ መድኃኒቶች በቋሚነት አላችሁ ወይ፣ ሲያልቅባችሁስ ወዴት ትልካላችሁ ብለሽ ጠይቂ። መልሳቸውን ሰምተሽ ወረዳው የመድህን ክፍል ግቢና ምዝገባው መቼ እንደሚከፈት፣ የዘንድሮ መዋጮ ስንት እንደሆነ፣ የእሳቸው ጭማሪ ስንት እንደሆነ ጽፈሽ ያዢ፣ የቀጣዩን እቁብ እጣ ከዛ ወር ጋር ብታገናኚው ያቀልልሻል።

ከዛ በፊት ግን ዛሬ ማታ እግራቸውን ስታጥቢያቸው በስልክሽ መብራት በጣቶቻቸው መሃል፣ ተረከዛቸውና ውስጥ እግራቸው ላይ ተመልከቺላቸው፣ ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ስለሚደነዝዝ ቢላጥም ላያመው ይችላል። ቁስል ወይ የጠቆረ ነገር ካየሽ ምዝገባም እቁብም ሳትጠብቂ ጠዋት ይዘሻቸው ሂጂ፣ ተበድረሽም ቢሆን።